ኦፔራ በሐይቅ ላይ፦ የብሬገንዝን የበጋ ፌስቲቫል ለሚታደሙ የተዘጋጀ መመሪያ

የብሬገንዝ ፌስቲቫል በኦስትሪያ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኮንስታንስ ሐይቅ ዳርቻ በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ የሚካሄድ የኦፔራና የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። ዋናው መድረክ ሐይቁ ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ተመልካቹ ደግሞ ዳርቻው ላይ ሽቅብ በተደረደሩ፣ ጣሪያ በሌላቸው ወደ 7,000 የሚጠጉ መቀመጫዎች ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ ውኃው መልሶ ያያል። ብሬገንዝ 30,000 ገደማ ነዋሪ ያላት ከተማ ስትሆን፣ በአንድ በጋ ለፌስቲቫሉ የሚመጣው ሰው ከ200,000 ያልፋል። ትኬትም ሆነ ማደሪያ ብዙ ቀደም ብሎ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

ፌስቲቫሉ የተጀመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በዓመቱ፣ በ1946 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ የቴአትር አዳራሽ ስላልነበራት አዘጋጆቹ ወደ ሐይቁ ዞሩ። ጠጠር የሚያመላልሱ ሁለት ጀልባዎች ወደቡ ላይ ታሰሩና አንደኛው መድረክ፣ ሌላው የኦርኬስትራ ቦታ ሆነ። የቀረበው ሞዛርት ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ የደረሰው ባስቲያን እና ባስቲየን የተባለ አጭር ኦፔራ ነበር። የቪየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ ዛሬ የፌስቲቫሉ ኦርኬስትራ ነው። ከሐይቁ መድረክ ጎን የሚገኘው ትልቁ አዳራሽ የተከፈተው በ1980 ሲሆን፣ ዝናብ በሚመጣበት ምሽት የዚህ አዳራሽ ጥቅም ምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

የሐይቅ ላይ ኦፔራ ምሽት ከተለመደው የቴአትር ምሽት የሚለይበት ነገር አንድ ነው፤ ሐይቁና ሰማዩ የትርኢቱ ተካፋዮች ናቸው። አዘጋጁ ነፋሱን፣ የውኃውን ከፍታና የፀሐይዋን መጥለቂያ አስልቶ ይሠራል። ተመልካቹም በበኩሉ ማስላት አለበት። ታሪኩን አንብቦ፣ ሙቀት የሚሰጥ ልብስ ይዞ፣ የትኬቱን የዝናብ ደንብ አውቆ የመጣ ሰው የማይረሳ ምሽት ያሳልፋል። ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው ግን ከመድረኩ ይልቅ ብርዱን ያስታውሳል።

ኦፔራውና መድረኩ

የመጀመሪያው ሥራ በሚሄዱበት ዓመት የትኛው ኦፔራ እንደሚቀርብ ማወቅ ነው። በሐይቁ መድረክ ላይ አንድ ኦፔራ ሁለት በጋ ይታያል፤ በሦስተኛው ዓመት መድረኩ ፈርሶ በአዲስ ይተካል። ካርመን በ2017 እና በ2018፣ ሪጎሌቶ በ2019 እና በ2021 (በ2020 ፌስቲቫሉ በኮሮና ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል)፣ ማዳማ በተርፍላይ በ2022 እና በ2023፣ የጀርመናዊው ዌበር ሥራ የሆነው ዴር ፍራይሹትስ በ2024 እና በ2025 ቀርበዋል። የ2026 እና የ2027 ተራ የጣልያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ላ ትራቪያታ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢን በተለይ የሚነካው በ2009 እና በ2010 የቀረበው አይዳ ነው። ቬርዲ የደረሰው ይህ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1871 በካይሮ ነው። ባለታሪኳ በግብፃውያን እጅ የወደቀች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ስትሆን፣ በአገሯና በምትወደው የጠላት ጦር አዛዥ መካከል ተሰንጥቃ ትቀራለች። በኦፔራው ውስጥ ያለው አሞናስሮ የተባለ ንጉሥ በታሪክ የለም፤ ከደራሲዎቹ ምናብ የወጣ ነው። በብሬገንዝ ታሪኩ በግብፅ ፒራሚዶች መካከል አልቀረበም። ከትልቅ ደረጃ አናት ላይ ከቁርጭምጭሚት በታች ብቻ የቀሩ ሁለት ግዙፍ ሰማያዊ እግሮች ቆመው፣ ክሬኖች የተሰባበረ የነፃነት ሐውልት ፊት ከውኃው ያነሱ ነበር።

መድረኩ ይህን ያህል የሚገዝፈው ለማስደመም ብቻ አይደለም። ከ7,000 ሰው መካከል የኋለኞቹ የዘፋኙን ፊት ማንበብ ስለማይችሉ፣ የታሪኩን ስሜት መድረኩ ራሱ መናገር አለበት። በሪጎሌቶ ጊዜ መድረኩ ዓይኑና አፉ የሚንቀሳቀስ ግዙፍ የቀልደኛ ጭንቅላት ነበር። ቀልደኛው በታሪኩ እየተዋረደ ሲሄድ ጭንቅላቱም ጥርሱና ዓይኑ እየረገፈ ወደ ውኃው ይዘቅጥ ነበር። በማዳማ በተርፍላይ ደግሞ ትልቅ የተጨማደደ ወረቀት የሚመስል፣ 300 ቶን የሚመዝን ግንባታ ሐይቁ ላይ ተዘርግቶ፣ የጃፓን መልክዓ ምድር ሥዕል ተሥሎበት ነበር። በ2007 እና በ2008 ለቶስካ የተሠራው ግዙፍ ዓይን ኳንተም ኦፍ ሶላስ በተባለው የጄምስ ቦንድ ፊልም ውስጥ ስለሚታይ፣ ፌስቲቫሉን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ያስታውሱታል።

እነዚህ ግንባታዎች በሁለቱ በጋዎች መካከል ያለውን የአውሮፓ ክረምት እዚያው ውኃው ላይ ቆመው ያሳልፋሉ። ስለዚህ ማዕበልና በረዶ የሚችል ሕንፃ ያህል መጠንከር አለባቸው። የአልፕስ ተራሮች በረዶ ሲቀልጥ የሐይቁ ውኃ በበጋ መጀመሪያ ከፍ ይላል፤ በዓመት ውስጥ ያለው የከፍታ ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይህም በእያንዳንዱ ንድፍ ውስጥ ይታሰባል።

ኦርኬስትራው መድረኩ ላይ አይታይም። ሙዚቀኞቹ በአዳራሹ ውስጥ ሆነው ይጫወታሉ። መሪያቸው ዘፋኞቹን በስክሪን ያያል፤ ዘፋኞቹም እርሱን በስክሪን ይከተላሉ። የኦርኬስትራው ድምፅ በገመድ አልባ ማይክሮፎን ከሚዘፍኑት ሰዎች ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ፣ በመድረኩ ውስጥና በመቀመጫዎቹ ዙሪያ ከተሰወሩ ድምፅ ማጉያዎች ይወጣል። ዘፋኙ በቀኝ ቆሞ ሲዘፍን ድምፁ ከቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሄድ ከግራ እንዲሰማ ሥርዓቱ ድምፁን ከቦታው ጋር ያስኬዳል። በተለመደ የኦፔራ ቤት ያለ ማይክሮፎን የሚዘፈነውን የለመዱ ሰዎች በዚህ ይከፋሉ፤ ነገር ግን በነፋስና በማዕበል መካከል ሌላ መንገድ የለም፤ የብሬገንዙ የድምፅ ሥርዓትም ለሜዳ ላይ ትርኢት ከተሠሩት ሁሉ ከምርጦቹ አንዱ ነው።

ከሐይቁ መድረክ ሌላ በየዓመቱ አዳራሹ ውስጥ እምብዛም የማይታይ አንድ ኦፔራ ይቀርባል። በ2010 የሚዬችስላቭ ቫይንበርግ ተሳፋሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሟላ የመድረክ ዝግጅት የታየው እዚህ ነው፤ በ2025 ደግሞ የሮማንያዊው ጆርጅ ኤኔስኩ ኤዲፕ ቀርቧል። ሁለት ሌሊት የሚያድር ሰው አንዱን ለሐይቁ፣ አንዱን ለአዳራሹ ቢያደርግ ይጠቀማል።

ትኬትና ቀን

የቀጣዩ በጋ ትኬት ለሽያጭ የሚቀርበው ካለፈው ዓመት መጸው ጀምሮ ነው። የሚገዛውም በፌስቲቫሉ የራሱ ድረ ገጽ ወይም የትኬት ቢሮ ነው፤ ከሌላ ሻጭ መግዛት ዋጋውን ያስወድዳል፤ ትርኢቱ በዝናብ ሲሰረዝም ገንዘብ ለማስመለስ ያስቸግራል። ዋጋው እንደ መቀመጫውና እንደ ቀኑ ይለያያል። በሥራ ቀናት ከዓርብና ከቅዳሜ ይረክሳል።

ስለ መቀመጫ የሚሰጠው ምክር ከለመድነው ይለያል። በአዳራሽ ቴአትር የፊት ረድፍ የክብር ቦታ ነው። እዚህ ግን መድረኩ በጣም ስለሚገዝፍ ከፊት የተቀመጠ ሰው አንገቱን ወደ ላይና ወደ ጎን ሲያዞር ያመሻል፤ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን የሐይቅ ስፋትም አያይም። ከመካከል ወደ ላይ ያሉት ረድፎች መድረኩን፣ ውኃውንና ማዶ ያለውን ዳርቻ አንድ ላይ ያሳያሉ። ድምፁ በእኩል ስለሚዳረስ ከጫፍ ያሉት ርካሽ ቦታዎችም አይጎዱም። የተዋናዩን ፊት በቅርብ ማየት የሚፈልግ ሰው ትንሽ መነጽር ይያዝ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ የተለዩ ቦታዎች አሉ፤ እነዚህ ጥቂት ስለሆኑ ሲገዛ አስቀድሞ መነገር አለበት።

የትኬቱ ዓይነት ከመቀመጫው የበለጠ ልብ ሊባል ይገባል። አንዳንድ ውድ ትኬቶች ትርኢቱ በዝናብ ምክንያት ሐይቁ ላይ ካልተካሄደ ወደ አዳራሹ የመግባት መብት ይሰጣሉ። አዳራሹ ከ1,700 ያነሰ መቀመጫ ስላለው ይህ ለሁሉም ሊሆን አይችልም። ከሩቅ አገር ለአንድ ምሽት ብቻ የሚመጣ፣ በሌላ ቀን ሊመለስ የማይችል ሰው ልዩነቱን ከፍሎ ይህን ትኬት ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም። ሙኒክ ወይም ዙሪክ የሚኖር፣ ሌላ ቀን መምጣት የሚችል ሰው ግን ተራውን የሐይቅ ትኬት ቢይዝ ይበቃዋል።

የቀኑ ምርጫ ከብርሃኑ ጋር ይያያዛል። በሐምሌ ትርኢቱ የሚጀመረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ15፣ በነሐሴ ደግሞ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ትኬቱ ላይ 21:15 ወይም 21:00 ተብሎ ይጻፋልና ከሰዓት አቆጣጠር ስሕተት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሐምሌ ሲጀመር ፀሐይ ገና እየጠለቀች ስለሆነ ታሪኩ በቀን ብርሃን ተከፍቶ በጨለማ ይዘጋል፤ መቀመጫዎቹም ፀሐይ ወደምትጠልቅበት አቅጣጫ የዞሩ ናቸው። በነሐሴ አጋማሽ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጨለማ ነውና የመድረኩ መብራት ሙሉ ኃይሉን ያሳያል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ሐምሌን ቢመርጥ የተሻለ ነው።

ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 7 ስለሚገባ የፌስቲቫሉ ሁለተኛ አጋማሽ በጾሙ ውስጥ ይውላል። የሰኔ ጾም ደግሞ ሐምሌ 5 ይፈታል። በጾሙ ጊዜ መሄድ የማይፈልግ ሰው ቀኑን በሐምሌ ይያዝ።

ጉዞ፣ ሰነድና ማደሪያ

ብሬገንዝ ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ይልቅ ለጀርመንና ለስዊዘርላንድ ትቀርባለች። ከዙሪክ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከሙኒክ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲወስድ፣ ከቪየና ግን ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን የሚመጣ ሰው ዙሪክ ቢያርፍ ይቀልለዋል። የብሬገንዝ ባቡር ጣቢያ ከፌስቲቫሉ ቦታ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይርቃል። በመኪና መምጣት አይመከርም፤ በትርኢት ምሽት ወደ ከተማዋ የሚገባው መንገድ ይጨናነቃል። ከሊንዳውና ከሌሎች የሐይቁ ወደቦች በመርከብ መምጣትም ይቻላል፤ ከጉዞዎቹ ሁሉ የሚያምረውም እርሱ ነው።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ዜጎች ከ2024 ወዲህ ውሳኔው በተለመደው አሠራር 45 ቀን ይፈጃል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትናም ይጠየቃል። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። ዘመድ ጋር ጀርመን ሁለት ሳምንት ከርሞ ለአንድ ምሽት ብሬገንዝ የሚሻገር ሰው የሚያመለክተው ለጀርመን ነው ማለት ነው። ኦስትሪያ፣ ጀርመንና ስዊዘርላንድ ሦስቱም በሸንገን ውስጥ ስለሆኑ አንድ ቪዛ ለሦስቱም ይበቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላቸው ሰዎችም ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም።

በጀርመን ወይም በስዊዘርላንድ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ካርዱን ይዞ መሻገር ይችላል። ሁለቱንም መያዝ ግዴታ ነው፤ በባቡር ውስጥ ፍተሻ አለ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው የያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ግን ድንበር ለመሻገር አያገለግልም። ሊንዳው ጀርመን ውስጥ፣ ብሬገንዝ ኦስትሪያ ውስጥ ናት፤ በመካከላቸው ያለው የባቡር መንገድ የደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ድንበር መኖሩ ይረሳል። ለአንድ ምሽት ደስታ የጥገኝነት ጉዳይን ማበላሸት አይገባም።

ስልክም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐይቁ ዳር ያለ ስልክ የስዊዘርላንድን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል፤ ስዊዘርላንድ በአውሮፓ ኅብረት የሮሚንግ ደንብ ውስጥ ስለሌለች ሂሳቡ ባልታሰበ መጠን ይንራል። ኔትወርኩን በእጅ መርጦ ኦስትሪያ ላይ ማቆየት ነው። ገንዘቡም በኦስትሪያና በጀርመን ዩሮ፣ በስዊዘርላንድ ፍራንክ ነው።

በፌስቲቫሉ ሳምንታት ብሬገንዝ ውስጥ ማደሪያ ውድ ነው፤ ቶሎም ይያዛል። ትኬት በተቆረጠበት ቀን ማደሪያም መያዝ አለበት። ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ በባቡር መስመሩ ላይ ያሉት ዶርንቢርን፣ ፌልድኪርሽና ሊንዳው ጥሩ ምትክ ናቸው።

ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ

ይህ ከዝግጅቱ ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እርሱን ነው። በሐይቁ መድረክ የሚቀርቡ ኦፔራዎች በተጻፉበት ቋንቋ ይዘፈናሉ፤ ከጎን የሚታየው ጽሑፍ ደግሞ ጀርመንኛ ነው። ጣልያንኛም ጀርመንኛም የማያውቅ ሰው ታሪኩን ይዞ ካልመጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትልቅ ሥዕል ሲያይ ያመሻል። ትርኢቱ በአብዛኛው ያለ ዕረፍት ስለሚሄድ በመካከል ጎረቤትን ጠይቆ መረዳትም አይቻልም።

ለላ ትራቪያታ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ኦፔራው በ1853 በቬኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ሲሆን፣ መነሻው ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ዱማ (ልጅየው) የጻፈው ባለ ካሜሊያዋ እመቤት የተባለው ድርሰት ነው። ቪዮሌታ በፓሪስ ባለጠጎች ወዳጅነት የምትኖር፣ በሳንባ ነቀርሳ የታመመች ወጣት ናት። አልፍሬዶ የተባለ ወጣት ከልቡ ይወዳታል፤ የቀድሞ ኑሮዋን ትታ አብራው ወደ ገጠር ትወጣለች። አባቱ ጀርሞን ግን በስውር መጥቶ፣ የእርሷ ከልጁ ጋር መኖር የሴት ልጁን ትዳር እንደሚያፈርስ ነግሮ እንድትለየው ይለምናታል። ምክንያቱን ሳትናገር ትታው ትሄዳለች። አልፍሬዶ የከዳችው መስሎት በሰው ፊት ገንዘብ ወርውሮ ያዋርዳታል። እውነቱን አውቆ ሲመለስ በሞት አፋፍ ላይ ያገኛታል።

ከዚህ ሁሉ የኦፔራው እምብርት በአባትየውና በቪዮሌታ መካከል ያለው ረጅም ንግግር ነው። አንድ ሽማግሌ ስለ ቤተሰቡ ስም ብሎ አንዲትን ሴት ፍቅሯን ሲያስጥል የሚታየው እዚህ ነው፤ ሽምግልናና ይሉኝታ በሚከበርበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ከመሄድ በፊት ባሉት ሳምንታት ሙሉውን ኦፔራ አንድ ጊዜ፣ ይህን ክፍል ደግሞ ደጋግሞ ማዳመጥ በቂ ዝግጅት ነው።

ልብስና ስንቅ

በሐይቁ ዳር ቀኑ ሞቃት ቢሆን እንኳ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከ15 ዲግሪ በታች ሊወርድም ይችላል፤ ከውኃው የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ቅዝቃዜውን ያባብሰዋል። ሰው ሳይንቀሳቀስ ሁለት ሰዓት ስለሚቀመጥ ብርዱ ቀስ ብሎ ይገባል። ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ካልሲና የተዘጋ ጫማ ያስፈልጋል። በበዓል ልብስ ተውቦ የሚመጣ ሰው አለ፤ የሚከለክለውም የለም፤ ከሥር ሙቀት ያለው ነገር ይኑረው ብቻ። ጋቢ ለዚህ ምሽት የተሠራ ያህል ይመቻል። ሆኖም ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድና ቶሎ ስለማይደርቅ ከዝናብ ልብሱ ሥር መሆን አለበት። መቀመጫው ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ወገብን ያሳርፋል።

ጃንጥላ መቀመጫዎቹ መካከል አይዘረጋም፤ ከኋላ ያለውን ሰው ዕይታ ስለሚጋርድ የተከለከለ ነው። የሚያስፈልገው ራስን ጨምሮ እስከ ጉልበት የሚሸፍን የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ ነው። ከቤት ይዞ መምጣት እዚያ ከመግዛት ይረክሳል።

ምግብ በአካባቢው ሞልቷል። ብሬገንዝ የምትገኝበት የፎራርልበርግ ግዛት ሰዎች የሚኮሩበት ከአይብ ጋር የሚሠራ የዱቄት ምግብ ነው፤ ጥሩ ቢሆንም ለጾመኛ አይሆንም። በፍልሰታ የሚሄድ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ሐይቁ ዳር ባለው ሣር ላይ ቢበላ ከሁሉም ይሻለዋል።

ዝናብ

ፎራርልበርግ ብዙ ዝናብ የሚያገኘው በበጋ ነው። ብሬገንዝ ላይ በዓመት የሚዘንበው ከአዲስ አበባው ይበልጣል። ስለዚህ ዝናብ እዚህ ባለቤት እንጂ ድንገተኛ እንግዳ አይደለም። በካፊያ ትርኢት አይቋረጥም፤ ዘፋኞቹ እየረጠቡ ይዘፍናሉ፤ ተመልካቹም የዝናብ ልብሱን ለብሶ ይቀመጣል። ውኃው ላይ የሚወርደው ዝናብ በመድረኩ መብራት ሲታይ ብዙዎች ከደረቅ ምሽት አስበልጠው ያስታውሱታል።

አደጋው መብረቅና ኃይለኛ ነፋስ ነው። በሐይቁ ዙሪያ ለጀልባ ሰዎች የቆሙ ብርቱካናማ የማስጠንቀቂያ መብራቶች አሉ፤ በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ካሉ ብርቱ ነፋስ ሊመጣ ይችላል፤ 90 ጊዜ ብልጭ ካሉ ማዕበል ቀርቧል ማለት ነው። ከመቀመጫው ሆኖ እነርሱን ማንበብ የሚችል ሰው ምን እየመጣ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ውሳኔው ግን የፌስቲቫሉ ኃላፊዎች ነው፤ ብዙ ጊዜም እስከ መጨረሻው ሰዓት ይጠበቃል። በመሆኑም ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ስለጠቆረ ብቻ ጉዞን መሰረዝ ስሕተት ነው፤ አልፕስ ላይ የተነሳ ነጎድጓድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል።

ትርኢቱ ሐይቁ ላይ የማይቻል ከሆነ አዳራሹ ውስጥ ባነሰ የመድረክ ዝግጅት ይቀርባል፤ የሚገቡትም ለዚያ የሚያበቃ ትኬት የያዙት ናቸው። በ2022 የማዳማ በተርፍላይ የመክፈቻ ምሽት እንኳ በነጎድጓድ ተቋርጦ በአዳራሹ ውስጥ ነው የተጠናቀቀው። ተራ የሐይቅ ትኬት የያዙት ትርኢቱ ከተሰረዘ ወይም ገና በመጀመሪያው ክፍል ከተቋረጠ ገንዘባቸው ይመለስላቸዋል። በደንቡ ላይ ከተወሰነው ደቂቃ በኋላ ከተቋረጠ ግን አይመለስም። የደቂቃው ልክ በሽያጭ ደንቡ ላይ ስለሚገኝ ከመግዛት በፊት ማንበብ ያስፈልጋል።

ቀኑና ምሽቱ

ከተማዋን ለማየት ጠዋት መድረስ ይመረጣል። ከመሃል ከተማ የሚነሳው የገመድ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ 1,064 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፕፌንደር ተራራ ያወጣል። ከዚያ ላይ ሐይቁ ከሦስቱ አገሮች ዳርቻ ጋር ይታያል፤ መድረኩም ከታች እንደ መጫወቻ አንሶ ይገኛል። ዝናብ ከሆነ በስዊዘርላንዳዊው ፔተር ሱምቶር ተነድፎ በ1997 የተከፈተው የከተማዋ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤት አለ። መድረኩን በቀን ብርሃን በሐይቁ ዳር እየተራመዱ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማታ የማይታዩትን ደረጃዎች፣ መወጣጫዎችና የጀልባ ማሰሪያዎች ማየት ስለሚቻል መዝለል አይገባም። ከመድረኩ ጀርባ የሚያስገባ አስጎብኚ ያለው ጉብኝትም በክፍያ ይሰጣል።

ትርኢቱ ከሚጀመርበት ሰዓት 45 ደቂቃ ያህል ቀድሞ መቀመጫ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ሰባት ሺህ ሰው በጥቂት በሮች ይገባል፤ ዕረፍት የሌለው ትርኢት ስለሆነም መጸዳጃ ቤት መሄድ ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ስልክ ይዘጋል፤ ትርኢቱ ሲካሄድ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ፎቶውን ከመጀመሩ በፊት ማንሳት ይቻላል። ሕፃናትን ስለማምጣት አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። መድረኩ ልጆችን ይማርካል፤ ነገር ግን ትርኢቱ እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ሲል ስለሚያልቅ ከአሥር ዓመት በታች ላሉት ይከብዳል።

ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። ባቡር የሚይዝ ሰው የመጨረሻውን የመመለሻ ሰዓት ከመግባቱ በፊት አይቶ መጻፍ አለበት፤ በትርኢት ምሽቶች የሚጨመሩ ባቡሮችና መርከቦች ቢኖሩም ቀጠሮአቸው ከዓመት ዓመት ይለያያል። በመርከብ የሚመለስ ሰው ቦታውን ከትኬቱ ጋር አብሮ ማስያዝ ይኖርበታል። ትርኢቱ የተሰረዘበት ሰው ደግሞ ትኬቱን አይጣል፤ ገንዘቡ የሚመለሰው ትኬቱን ይዞ በወቅቱ ላመለከተ ነው።